ለኮሽም ዋስ

ባለፈው ሳምንት ኮምቦልቻ ወርጄ ነበር። የሄድኩት ለጉልበቴ መድኃኒት ፍለጋ ነው። መድኃኒቱን ገዝቼ ወደ መናኸሪያው ስመለስ፣ መንገድ ዳር ችግኝ የሚሸጥ አንድ ወጣት አየሁና ቆምኩ። እኔ ችግኝ አይቼ ዝም ብዬ ያለፍኩበት ቀን የለም። ጽጌረዳ አለው፣ ፓፓያ አለው፣ የአጥር ጥድ አለው። ከኋላ፣ ግንቡን ተደግፈው፣ በትልልቅ ጣሳ የተተከሉ ወገብ የሚደርሱ ሦስት ኮሽሞች ነበሩ። ሁለቱ ላይ ብርቱካናማ ፍሬ ተንጠልጥሏል። ሦስተኛው ቅጠልና እሾህ ብቻ ነው።

«ሁለቱን ልስጥዎት እማማ፣ ለግቢ ያምራሉ» አለኝ። «ያ ግን አያፈራም። ዝም ብሎ ቦታ ይዞብኛል፤ ዛሬ እጥለዋለሁ።»

«ያብባል?» አልኩት።

«ማበቡንማ ያብባል፤ ንብ እስኪሰለቸኝ ድረስ ይሰበሰብበታል። ፍሬ ነው የሌለው።»

«አትጥለውም። ዋሱ እኔ ነኝ።»

«የምን ዋስ?» ብሎ ሳቀ። አልፈረድኩበትም። ስልሳን ያለፈች ሴት በቀትር ፀሐይ ለቁጥቋጦ ዋስ ስትሆን ማየት ያስቃል። ነገሩን ላስረዳው ብል ደግሞ የደሴ መኪና ጥሎኝ ይሄድ ነበር። «አያፈራም» የምትለዋን ቃል በሰማሁ ቁጥር ደሜ እንደሚፈላ፣ ለምን እንደሚፈላም፣ እሱ ከየት ያውቃል?

አክስቴ ፋጡማ የእናቴ ታናሽ ነበረች። እኛ ቢስቲማ እንኖር ስለነበር፣ ትምህርቴን እንድቀጥል አባቴ ደሴ እሷ ዘንድ ላከኝ። ባሏ ጋሽ ሰዒድ ሰኞ ገበያ ጨርቅ ይነግዱ ነበር። ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ ሰው የማያስቀይሙ፣ በተለይ እናታቸውን የማያስቀይሙ ሰው ነበሩ። እኔ ስመጣ ተጋብተው አራት ዓመት ሆኗቸው ነበር፤ ልጅ አልነበራቸውም።

እኔ በገባሁበት ክረምት አክስቴ ከኮምቦልቻ አንድ ደርዘን የኮሽም ችግኝ አመጣች። ኮሽም እንግዲህ የአጥር ተክል ነው። ገበሬው ከብት እንዳይገባበት በማሳው ዙሪያ ይተክለዋል፤ እሾሁ የጣት ያህል ይረዝማል። አክስቴ ግን ከበሩ እስከ ቤቱ ደጃፍ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ስድስት ስድስት አድርጋ ተከለችው። ጎረቤቶች እየመጡ «ፋጡማ፣ አጥር በግቢ መሀል ምን ይሠራል?» ይሏታል። «ለዓይኔ ነው» ትላቸዋለች። ለዓይን ተብሎ የሚተከል እነሱ የሚያውቁት ጽጌረዳ ነው። ሌላው ወይ ይበላል፣ ወይ ይሸጣል፣ ወይ ሌባ ይከለክላል። እሷ በጋሽ ሰዒድ ትልቁ የጨርቅ መቀስ እየከረከመች ክብ ክብ ታደርጋቸው ነበር። እርሳቸው መቀሱ መደነዙን እያዩ ይበሳጫሉ፣ ግን ምንም አይሉም።

የደሴ ብርድ ለተክል ምሕረት የለውም። ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ግቢውን ሲሞላው፣ በረዶ ሲወርድ፣ አክስቴ ችግኞቹን በጆንያ ትሸፍናለች፣ ጠዋት ትገልጣለች። እንዲህ አድርጋ አሳደገቻቸው። በአራተኛው ዓመት፣ እኔ አስራ ሰባት ሲሞላኝ፣ በጥቅምት ወር ስምንቱ አፈሩ።

እንዴት ያምር ነበር! በደማቅ አረንጓዴው ቅጠል መሀል ብርቱካናማው ፍሬ ጠዋት በጤዛ ታጥቦ ሲታይ፣ መንገደኛ በር ላይ ቆሞ አንገቱን ያሰግጋል። የሰፈራችን ሙሽራ ፎቶ ልትነሳ ከነሚዜዎቿ መጥታለች። የክፍል ጓደኞቼ ፍሬውን በጨውና በሚጥሚጣ እየበሉ፣ ኮምጣጣነቱ ፊታቸውን እያጨማደደው፣ መልሰው እጃቸውን ይሰዳሉ። አክስቴ የተረፈውን በስኳር ቀቅላ ማርማላታ ሠራች። በትኩስ ዳቦ ቀብቼ የበላሁት ያ ማርማላታ ጣዕሙ አሁንም ምላሴ ላይ አለ።

አራቱ ግን አንድም ፍሬ አልያዙም።

የጋሽ ሰዒድ እናት እማማ ሐዋ ኮምቦልቻ ነበር የሚኖሩት። ወደ ደሴ ሲወጡ ሁለት ጋቢ ደርበው፣ ብርዱን እየረገሙ ነው። በዚያ ጥቅምት ለሐሙስ ዱዓ መጡ። የሰፈሩ ሴቶች ተሰብስበው ዱዓው ካለቀ በኋላ ሁላችንም ኮሽሙን ለማየት ወደ ግቢው ወጣን። ሴቶቹ «ማሻአላህ!» ሲሉ እማማ ሐዋ በከዘራቸው ጫፍ እየጠቆሙ መቁጠር ጀመሩ። ያፈሩትን አይደለም የቆጠሩት።

«አንድ… ሁለት… ሦስት… አራት። ፋጡማ ልጄ፣ ላላፈራ ነገር ነው ይህን ሁሉ ዓመት ውሃ የምታመላልሽው?»

ከዚያ መጥረቢያ አስመጡ። በእኛ ዘንድ አንድ ልማድ ነበረ። ፍሬ የከለከለ ዛፍ ሲኖር አንድ ሰው መጥረቢያ ያነሳና «ታፈሪያለሽ ወይስ ልቁረጥሽ?» ብሎ ሦስት ጊዜ ያስፈራራል። ከቆሙት አንዱ ደግሞ «ለዘንድሮ ይማሯት፤ እኔ ዋሷ ነኝ፤ ለከርሞ ታፈራለች» ይላል። ዛፉ ይተርፋል፣ ሰው ይስቃል፣ ወደ ቤት ይገባል። ቢስቲማ ለኮክ ዛፋችን ሲደረግ አይቻለሁ። ዋስ ያጣ ዛፍ ግን አይቼ አላውቅም ነበር።

እማማ ሐዋ መጥረቢያውን አንስተው ሦስት ጊዜ ጠየቁ። አክስቴ አንድ እርምጃ ወደፊት ብላ «እኔ ዋስ ነኝ እማማ» አለች።

መጥረቢያውን እንኳ ሳያወርዱ፣ ለስለስ ባለ ድምፅ፣ «ዋስ የሚሆነው የወለደ ሰው ነው፣ ልጄ» አሏት።

እንዲህ ያለ ሕግ ሰምቼ አላውቅም፤ የፈጠሩት በዚያች ደቂቃ ይመስለኛል። ሁሉም ግን ገብቶታል። ከቆሙት ሴቶች መካከል ስምንትና ዘጠኝ የወለዱ ነበሩ። አንዷ አፏን ብትከፍት ይበቃ ነበር። መሬት መሬት አዩ። እኔ «በሉ እኔ ዋስ ነኝ!» ብዬ ጮህኩ።

«አንቺን ደግሞ ማን ጠራሽ? ገና ልጅ ነሽ» አሉኝና መጥረቢያውን ለልጃቸው ሰጡ።

ጋሽ ሰዒድ ሚስታቸውን አዩ። ዞረው እናታቸውን አዩ። ከዚያ አራቱንም ከሥራቸው ቆረጧቸው። አክስቴ ቅርንጫፉን ሰብስባ ከግቢ አወጣች፤ እሾሁ ሁለቱንም እጇን አደማው። እኔ ጋሽ ሰዒድን ያን ቀን ጠላኋቸው፤ ይህን ስጽፍ አላፍርም።

እማማ ሐዋ ሲሄዱ በር ላይ ለልጃቸው የተናገሩትን ድምፃቸውን ዝቅ ስላላደረጉ ሁላችንም ሰማነው። «እስከ ከርሞ ይህን ጊዜ ፋጡማ ፅንስ ካልያዘች ኮምቦልቻ ያየሁልህን ልጅ ሁለተኛ ሚስት አድርገህ ታገባለህ። ቤተሰቧን አነጋግሬያለሁ። ሸሪዓው ይፈቅዳል።»

ጋሽ ሰዒድ «ኢንሻአላህ» አሉ። በእርሳቸው አፍ ይህ ቃል እሺም እምቢም ነበር።

አክስቴ ያልጠጣችው ሥር፣ ያልሄደችበት የዱዓ ቦታ አልነበረም። ሐኪም ቤትም ሁለት ጊዜ ሄዳ «ምንም የለብሽም» ተብላ ተመልሳለች። ምንም የለብሽም መባል ግን ማንንም ዝም አያሰኝም። ጋሽ ሰዒድን «እርስዎስ?» ያለ ሰው አልነበረም፤ እንዲህ ብሎ የሚያስብም ያለ አይመስለኝም።

የበልግ ዝናብ መጣና የቀሩት ስምንት ኮሽሞች አበቡ። አክስቴ ጠዋት ጠዋት እየወጣች ታያቸዋለች። አበባው ደረቀ፣ ረገፈ፣ ከሥሩ ምንም አልቀረም። አንድ ፍሬ እንኳ! ወሬው ኮምቦልቻ ሳይደርስ አልቀረም፤ ብዙም ሳይቆይ እማማ ሐዋ «እጇ ነው ያደረቃቸው» ማለታቸውን ሰማን። ከሁሉ የከፋው አክስቴ ራሷ ማመን መጀመሯ ነበር። አንድ ቀን የውሃ ባልዲውን አቀበለችኝና «ሰዓዳ፣ ከእንግዲህ አንቺ አጠጫቸው፤ እኔ ባልነካቸው ይሻላል» አለችኝ።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ቀርቼ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ያኔ ግንቦት ነበር። አውቶቡሱ የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ሲወርድ ጆሮዬ ይደፈናል፣ ብርዱ ወደ ኋላ ይቀራል፣ ታች ስንደርስ ሹራቤን አውልቄ በወገቤ አስሬ ነበር። ችግኙን የሸጡልን ጋሽ ይማም የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ቦርከና ወንዝ ዳር በዘይት ጣሳ ችግኝ ያፈላሉ። አገኘኋቸውና የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው።

«ስንት ቆረጣችሁ?»

«አራት።»

«ያላፈሩትን?»

«አዎ።»

ጣሳ ገልብጠው ተቀመጡና እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። «ወላሂ፣ ወንዶቹን ጨርሳችኋቸዋል!»

ከዚያ እጄን ይዘው ሁለት ትልልቅ ኮሽሞች ወዳሉበት ወሰዱኝ፤ ጥቂት ዘግይተው ያበቡ አበቦች ነበሩባቸው። «አየሽ፣ ኮሽም ወንዱ ለብቻው ነው፣ ሴቷ ለብቻዋ። ይህን ፀጉራሙን አበባ እይው» ብለው ጣቴን አስነኩኝ፤ ቢጫ ብናኝ ያዘኝ። «ይህ ወንድ ነው። ዕድሜ ልኩን አያፈራም። ንቧ ይህን ብናኝ ወደ ሴቷ ካልወሰደች ግን ሴቷ አበባዋን አርግፋ ትቀራለች። እሷ ምን ታድርግ?»

«ታዲያ ለምን አልነገሩንም?»

«ካላበበ እኔም አልለየውም። አንድ ደርዘን ውስጥ ሁለቱም አይጠፋም ብዬ ነው። በመጥረቢያ ትለዩታላችሁ ብዬ መች አሰብኩ?»

መደሰት ነበረብኝ፤ እኔ ግን ተናደድኩ። አክስቴ የገዛ እጇን እየፈራች የኖረችባቸው እነዚያ ሳምንታት ታወሱኝ። ጋሽ ይማም ያበበ ወንድ ኮሽም በጣሳ ሰጡኝ። ሐረጎን እስክንወጣ ድረስ ጭኔ ላይ ይዤው ነበር፤ እሾሁ ቀሚሴን አልፎ ወጋኝ፣ አልለቀቅኩትም።

አክስቴ ሁሉንም እስክጨርስ ሰማችኝ። ከዚያ በዚያ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ሳቋን ስትጨርስ «ለማንም እንዳትናገሪ» አለችኝ። ጣሳውን ከኩሽናው ጀርባ ደበቅነው።

ቀጠሮው ደረሰ። በጥቅምት እማማ ሐዋ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው መጡ። ግቢው ውስጥ ምንጣፍ ተነጥፎ ተቀመጡ። ጋሽ ሰዒድ አንገታቸውን ደፍተዋል፤ አክስቴ በሩ አጠገብ ቆማለች። የኮምቦልቻዋ ልጅ ጉዳይ ተነሳ። እማማ ሐዋ እነዚያን ፍሬ አልባ ስምንት ኮሽሞች በከዘራቸው እያሳዩ «ሌላ ምስክር ምን ያስፈልጋል? ይኸው። ያፈሩትን እንኳ አደረቀቻቸው» አሉ።

አልቻልኩም። ከኩሽናው ጀርባ ሄጄ ጣሳውን አመጣሁና ምንጣፉ ፊት አስቀመጥኩት።

«እማማ፣ ያስቆረጧቸው ወንዶቹን ነበር። ኮሽም ወንድና ሴት አለው። ሴቶቹ ምንም አልሆኑም፣ እጅም አላደረቃቸውም። የጎደለው ወንድ ነው።»

አንደኛው ሽማግሌ ሳል ያዘው። ሌላው ጢሙን እያሻሸ ተክሉን አየ። እዚያ ላይ ብቆም ኖሮ ምናልባት ሳቅ ሆኖ ያልፍ ነበር። ግን አልቆምኩም።

«አክስቴን ሁለት ጊዜ ሐኪም አይቷታል። ጋሽ ሰዒድን ማን አያቸው?»

ይህን ዛሬ መጻፍ ቀላል ነው። ያኔ ግን የሚያበላትንና የሚያስተምራትን ሰው፣ በእናቱና በሽማግሌ ፊት፣ አንዲት ተማሪ ልጅ ስትናገረው አስቡት። ጋሽ ሰዒድ ተነስተው ከግቢ ወጡ። እማማ ሐዋ «አዑዙ ቢላህ!» ብለው ጆሯቸውን ያዙ። ሽማግሌዎቹ «የእማማ ሐዋን ጉልበት ስመሽ ይቅርታ ጠይቂ» አሉኝ።

«አልስምም።»

«ልጄ፣ ትልቅ ሰው ናቸው።»

«አውቃለሁ። አልስምም።»

በማግስቱ ጠዋት አክስቴ ሻንጣዬን አዘጋጅታ መናኸሪያ ወሰደችኝ። አልተቆጣችኝም፣ አላመሰገነችኝምም። መኪናው ሊንቀሳቀስ ሲል ካለፈው ዓመት የተረፈችውን አንዲት ብልቃጥ ማርማላታ በመስኮት አቀበለችኝና «አብሽሪ፣ አይዞሽ» አለችኝ።

ቢስቲማ አባቴ አንድ ሳምንት አላናገረኝም። እናቴ ስታለቅስ ከረመች፤ ትምህርቴም ተቋረጠ። ሰው ሁሉ እየመጣ ይቅርታ ጠይቂ ይለኛል። የእህቷን ቤት ያፈረሰች ብለው እናቴን ሳይቀር ይወቅሷታል። የአክስቴ ትዳር በእኔ ምላስ ፈርሶ እንደሆነ ሳስብ እንቅልፍ አጣ ነበር፤ ያልኩትን ግን አልመለስኩም።

ወር ሊሞላኝ ሲል ጋሽ ሰዒድ ራሳቸው መጡ። ከአባቴ ጋር ሰላምታ ተለዋወጡና «ሰዓዳን ልወስድ ነው፤ ትምህርት እያመለጣት ነው» አሉ። ተሳፍረን የሐይቅ ውሃ ሲታየን ወደ እኔ ዞሩ።

«ከፋጡማ ጋር አዲስ አበባ ሄደን ነበር» አሉ።

«ሐኪም ዘንድ?»

«አዎ።»

«ምን አሏችሁ?»

ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። «አልሀምዱሊላህ» አሉ። ከዚያ ደግሞ «ያቺ ልጅ አትመጣም። ለእናቴ ነግሬያታለሁ» አሉኝ። እናታቸውን ሲያስቀይሙ የመጀመሪያቸው ሳይሆን አይቀርም። የመጥረቢያውን ነገር ያን ቀን በግማሽ ይቅር አልኳቸው።

ቤት ስደርስ ወንዱ ኮሽም በጣሳው ውስጥ አልነበረም። አክስቴ በሩ አፍ ላይ፣ የሚገባ ሰው ሁሉ ሳይታከከው የማያልፍበት ቦታ ተክላዋለች። በቀጣዩ በልግ አበበ፤ ስምንቱም አፈሩ። እማማ ሐዋ ከብዙ ኩርፊያ በኋላ በዚያ ጥቅምት ሲመጡ ነጠላቸው እሾሁ ላይ ተያዘባቸው።

«ይሄ በር ላይ የገተርሽው ያፈራል?»

«አያፈራም እማማ» አለች አክስቴ፣ ነጠላውን ቀስ ብላ እያላቀቀች። «ያለ እሱ ግን የሚያፈራ የለም።»

እማማ ሐዋ ነጠላቸውን ሰብስበው ገቡ። ሲሄዱ ግን ሁለት ብልቃጥ ማርማላታ ይዘው ሄዱ።

ሐኪሙ ያለውን አክስቴ ለማንም ሳትናገር ኖረች። ልጅ አልመጣም። ሰፈሩ እስከ መጨረሻው «መካኗ ፋጡማ» ይላት ነበር፤ አንዳንዴ እየሰማች። አድጌ ሥራ ከያዝኩ በኋላ አንድ ቀን ከንዴቴ ብዛት «ለምን አትናገሪም? አንድ ቃል ነው፤ አፋቸውን ዝጊው!» አልኳት።

መቀሱን ይዛ ኮሽም እየከረከመች ነበር። «እኔን ሲሉኝ ቆሜ ሰማሁት፣ አልሞትኩም» አለችኝ። «እሱ ግን እሱን ሲሉት ቢሰማ ይሞታል።»

ይህን እስከ ዛሬ አልተቀበልኩትም። እኔ ብሆን ሰኞ ገበያ መሀል ቆሜ አስነግር ነበር። እሷ ግን ባሏን በሁለት እጇ ሸፍና፣ ራሷ ፀሐይ ላይ ቆማ፣ አንገቷን ሳትደፋ ኖረች። ከእኔ የበለጠ እልኸኛ እሷ እንደነበረች የገባኝ ካረፈች በኋላ ነው።

ሁለቱም አርፈዋል፤ ቤቱን ለእኔ ተዉልኝ። የበሩ ወንድ ኮሽም አርጅቶ ነበርና ባለፈው ክረምት ነፋስ ጣለው። ዘንድሮ ሴቶቹ አንድ ፍሬ ሳይዙ ቀሩ። ኮምቦልቻ ያገኘሁትን ችግኝ ልጁ በነፃ ሰጠኝ፤ ሊጥለው አልነበር? ጉልበቴ እያመመኝ ጉድጓዱን ራሴ ቆፍሬ በዚያው ቦታ ተከልኩት።

አፈሩን እየደለደልኩ ሳለ ጎረቤቴ መጣች። አዲስ ሙሽራ ናት፤ አማቷ አብረዋት ይኖራሉ። «እትዬ ሰዓዳ፣ ይሄ ያፈራል?» አለችኝ።

«አያፈራም» አልኳት፣ አማቷም እንዲሰሙ ድምፄን ከፍ አድርጌ።

«ታዲያ ለምን ተከሉት?»

«ለዓይኔ ነው።»

በእማማ ሐዋ ሕግ ያልወለደ ሰው ዋስ አይሆንም። እኔ አግብቻለሁ፣ ባል ቀብሬያለሁ፣ አልወለድኩም። ዋሱ ግን እኔ ነኝ። መጥረቢያ የያዘ ካለ ይምጣ፤ በራፌ ላይ ነኝ።